ገብር ኄርና ገብር ሐካይ፦ ሰው ስለ ምን ይደክማል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንደሚታወቀው የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። ትርጓሜውም በጎ አገልጋይ፣ ታማኝ ባሪያ ማለት ነው። ታሪኩ በማቴ. 25፥14-30 ተጽፎ ይገኛል፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አንድ ጌታ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ባሮቹን ጠርቶ እንደ ዓቅማቸው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጣቸው። ሁለቱ ነግደው እጥፍ አተረፉ፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው።

ይህን ወንጌል ሰምተን ብዙ ጊዜ ይዘነው የምንወጣው ቃል «ስለዚህ አንስነፍ» የሚል ነው። ምክሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰነፍን ሰው «አትስነፍ» ማለት የታመመን ሰው «አትታመም» እንደማለት ነው፤ አይፈውሰውም። ይልቁንስ ሁለቱን ምን አነሣሣቸው? ሦስተኛውንስ ምን አሰረው? ብለን እንጠይቅ።

አንዳንድ ሰው «የተሰጠው አንድ ብቻ ስለሆነ ቅር ብሎት ነው» ይላል። እስቲ እናስላው። በዚያ ዘመን አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበረ። ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ የዕለት ዋጋ እንደሆነ ከዚያው ከማቴዎስ ወንጌል እንረዳለን (ማቴ. 20፥2)። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው አንድ መክሊት የሚሞላለት በ20 ዓመቱ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ያ ሰው አፈር ውስጥ የከተተው የ20 ዓመት ደመወዝ ነው! ትንሽ ስለተሰጠው ነው ማለት አያስኬድም። ጉልበት ስላነሰው ነው እንዳንልም ጉድጓድ መቆፈርም ድካም አለው። ሰውየው ደክሟል፤ የደከመው ግን ለመቅበር ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ነበር? ራሱ ተናግሮታል። ጌታው ሲመለስ ያቀረበውን መልስ ልብ ብላችሁ አንብቡት (ቁ. 24-25)። ጌታውን ጨካኝ፣ ያልዘራውን የሚያጭድ ሰው አድርጎ እንደሚያየው፣ ስለዚህም እንደፈራ፣ ፈርቶም እንደቀበረ ነው የተናገረው። ሁለቱ ባልንጀሮቹ ያገለገሉት ያንኑ ጌታ ነው። የኖሩትም በዚያው ቤት ነው። እነርሱ ግን ስለ ጌታቸው ጭካኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ባለ አምስቱ መክሊት ገንዘቡን እንደተቀበለ ሄዶ ነገደ ነው የሚለው። ልዩነቱ በጌታው ላይ ሳይሆን ጌታውን ባዩበት ዓይን ላይ ነው። ጌታዬ አምኖ ሰጠኝ ብሎ ያሰበው ተነሥቶ ሄደ፤ ጌታዬ ሊይዘኝ ወጥመድ ዘረጋብኝ ብሎ ያሰበው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጌታው «ሐካይ» ብሎ የጠራው ይህን ሰው ነው። ሐኬት የምንለው ስንፍና ሥሩ እንግዲህ እግር ላይ ሳይሆን ልብ ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ላይ «ፍርሃት ክፉ ነው ማለት ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ጥበብ ከፈሪሃ እግዚአብሔር እንደምትጀምር መጽሐፍ ያስተምረናል (ምሳ. 9፥10)። ቅዱስ ባስልዮስ እንዳስተማረው ሰዎች ለእግዚአብሔር የሚታዘዙት በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ቅጣት ፈርቶ እንደ ባሪያ፣ አንዱ ዋጋ ፈልጎ እንደ ምንደኛ፣ አንዱ ደግሞ ወዶ እንደ ልጅ ይታዘዛል። ከሲኦል ፈርቶ ቤተ ክርስቲያን የመጣን ሰው «ተመለስ፣ ምክንያትህ ትክክል አይደለም» አንለውም። ይግባ። በር ላይ እንዳይቀር ብቻ ነው። የገብር ሐካይ ፍርሃት ግን የመጀመሪያው ዓይነት እንኳ አልሆነለትም፤ ባሪያ ፈርቶ ይሠራል፣ እርሱ ፈርቶ ቀበረ። ፍርሃቱ ውስጥ ቂም ነበረበትና።

በሉቃስ ወንጌል ያለው ታላቅ ወንድምም እንደዚሁ ነው (ሉቃ. 15፥25-32)። ከአባቱ ቤት አልወጣም፤ ሥራውን አላጓደለም። የጠፋው ወንድሙ ተመልሶ ድግስ ሲደገስ ግን ሆዱ ውስጥ የነበረው ወጣ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስገዛልህ አንዲት ጠቦት እንኳ አልሰጠኸኝም ብሎ አባቱን ወቀሰ። ልጅ ሆኖ ሳለ እንደ ምንደኛ ሲቆጥር ነበር የኖረው። ታናሹ ደግሞ ምንደኛ ልሁን ብሎ ቢመጣ ልጅ ሆኖ ተቀበሉት!

ስድስት ጊዜ የወደቀው ትል

የዐቢይ ጾምን ሳምንታት በዚህ ስያሜ የሰየመልን ቅዱስ ያሬድ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። የራሱም ታሪክ ከያዝነው ነገር ጋር በጣም ይገናኛል። ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም የኖረ አባት ነው። በልጅነቱ አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባህ ብሎት ተቸገረ። አጎቱም ገረፈው። ዱላው ምን አመጣ? ያሬድን ከትምህርት ቤት አስኮበለለው እንጂ ፊደል አላስያዘውም።

ሲሸሽ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እዚያም የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን የሚወጣ ትል አየ። ትሉ እኩሌታው ላይ ደርሶ ይወድቃል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣና ፍሬውን በላ። ይህን ታሪክ «ተስፋ አትቁረጥ» ለማለት ሁላችንም እንጠቅሰዋለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ትሉን ማንም አልገረፈውም፤ ከኋላው የሚያባርረው አልነበረም። ላይ ፍሬ ነበረ። መውደቁ ያላቆመው ለዚህ ነው። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ ሸሸው ቤት በራሱ እግር ተመለሰ። አጎቱን ይቅርታ ጠይቆ፣ በአክሱም ጽዮን ጸልዮ፣ አእምሮው ተከፈተለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ እስከ ዛሬ የምናዜመውን አቆየልን። በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳለ እንዳላወቁት ይነገራል። ያ በዱላ ሕመም የኮበለለ ልጅ የጦር ሕመም የማይሰማው ሰው ሆነ እኮ!

ወላጆች ይህን ልብ ብትሉት መልካም ነው። «ደደብ፣ የትም አትደርስም» እየተባለ ያደገ ልጅ አንድም ይኮበልላል፣ አንድም መክሊቱን ይቀብራል። ልጅ አይቆጣ ማለቴ አይደለም። ግን ፍሬውን አሳይተነዋል ወይ?

ዛሬም ይህን ለማየት ወደ አብነት ትምህርት ቤቶች መሄድ ነው። ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ቁንጫውንና ብርዱን ያየ ያውቀዋል። ትምህርቱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ደመወዝ የለው፣ የሚያስገድደው የለ። መጀመሪያ ሲወጣ ሁሉም በቅዱስ ሐሳብ ብቻ ነው የወጣው ማለት ይከብዳል፤ ከብት ጥበቃ የሰለቸው፣ ከእርሻ የሸሸም ይኖርበታል። ነገር ግን የዜማው ጣዕም አንድ ቀን ሲገባው የሸሸበትን ይረሳና የሚሄድበትን ያስባል። ባስልዮስ ያለው ከባሪያነት ወደ ልጅነት መሻገር በአንድ ሌሊት ሳይሆን እንዲህ እየቀመሱ የሚመጣ ነው።

ፍቅር ዓመትን ያሳጥራል። ያዕቆብ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ተገዝቶ ከመውደዱ የተነሣ ጥቂት ቀን ብቻ እንደመሰለው ተጽፏል (ዘፍ. 29፥20)። የሠራው እኮ ለላባ ነው፤ ላባ ደግሞ ምን ዓይነት አሠሪ እንደነበረ እናውቃለን። ዛሬ ቤሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችንም እንዲሁ ናት። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያቆማት የአሠሪዋ ቁጣ ይመስላችኋል? በስልኳ ላይ ያለው የልጇ ፎቶግራፍ ነው፤ የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እንግዲህ እዚህ ያለን ቤተሰቦቿ «ለምን አነሰ? መቼ ትልኪያለሽ?» ብቻ ስንላት፣ እርሷ በልጅነት የምትሠራውን ሥራ እኛ ወደ ባርነት እንለውጥባታለን። ብሩን ስንቀበል ጤናዋን እንጠይቅ። ሥጋ ወደሙ የምትቀበልበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለና እንደሌለ እንጠይቃት።

ፈተና ለወደቁት

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የሚከብደው ይመጣል። ደክመው ያላገኙስ? በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። በየቤቱ ስንት ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንደተቀመጠ አስቡ። ከእነርሱ ውስጥ ሌሊት ሲያነብ ያደረ አለ፤ ስእለት የተሳለ አለ። «ከእንግዲህ ምን አለፋኝ?» ሲል ሰነፈ ብለን እንፈርድበታለን። እርሱ ግን አልሰነፈም። የያዘው ፍሬ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ረገፈበት።

ለዚህ ወጣት ወንጌሉ የሚነግረው አንድ ነገር አለ። ጌታው ለባለ አምስቱና ለባለ ሁለቱ የተናገረውን ቃል አስተያዩት (ቁ. 21 እና 23)። አንድ ነው። አምስት ያተረፈው ተጨማሪ ምስጋና አላገኘም፣ ሁለት ያተረፈው አልተወቀሰም፤ ሁለቱም ወደ ጌታቸው ደስታ ገቡ። የተመዘነው የትርፉ ብዛት ቢሆን ኖሮ ቃሉ ይለያይ ነበር። የተመዘነው ታማኝነት ነው፤ እርሱን ደግሞ የፈተና ወረቀት አያርመውም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ያስጨረሰው (ነህ. 6፥15) ብዙዎቹን ከየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንዲሠሩ አሰልፎ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅም ከቤቱ ፊት ለፊት የፈረሰ ነገር አያጣም፤ ሙያ መማር አለ፣ እንደገና መፈተን አለ፣ ታናናሾቹን ማስጠናት አለ። ሰንበት ትምህርት ቤትም አለ። ወላጅም ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩን ቢተው ይሻላል፤ ባለ ሁለቱን «ለምን አምስት አላመጣህም?» ያለው ማንም የለም።

ስለ ጾማችንም ጥቂት እንበል። ገብር ኄር ከ55ቱ ቀን 35ኛው ላይ ይውላል፤ 20 ቀን ቀረ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ዘወረደን በስግደት ጀምረን ደብረ ዘይት ላይ እንዝላለን። ከዚያ የምንቆጥረው ቀን ብቻ ይሆናል፤ ሐሳባችን ሥጋ ቤት ተሰልፎ ይጠብቀናል። ይህ የምንደኛ ጾም ነው። ከነጭራሹ ግን መተው አይገባም፤ ምንደኛም እኮ እርሻው ላይ ነው ያለው። ጌታችን ራሱ መስቀሉን የታገሠው በፊቱ ስላለው ደስታ እንደሆነ ሐዋርያው ይነግረናል (ዕብ. 12፥2)። ስለዚህ ስትሰግድ ቁጥሩን ብቻ አትይ፤ የምትሰግድለትን አስብ። ከምትጾሚው የቀረውን ለተራበ ጎረቤት ስትሰጪ ጾሙ ፊት ያገኛል፣ ስም ያገኛል፤ ያን ጊዜ ረኃቡ ይቀላል።

በሁለተኛው ሳምንት አቋርጦ «አሁንማ ምን ዋጋ አለው?» ያለም ካለ፣ በማቴ. 20 በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተጠሩትን ሠራተኞች ያስታውስ። ለእነርሱም ያው አንድ ዲናር ነው የተከፈላቸው። ዛሬ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድና ከነገ ሰኞ ጀምሮ ምን ያህል መጾም እንደሚችል ይመካከር፤ የታመመም ያጠባችም እንዲሁ። የቀረው 20 ቀን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።