ከዲግሪው በኋላስ?

የታሪክ ዲግሪዬን ይዤ ከስድስት ኪሎ እንደወጣሁ አባቴ «ታዲያ አሁን ምን ልትሠራ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ስምንት ወር መርካቶ አጎቴ ሱቅ ጨርቅ ስለካ ከረምኩ። በእርሱ አላፈርኩም፤ ንግድ ሐላል ነው። የማፍረው ኢስቲኻራ ሰግጃለሁ እያልኩ የአንድም መሥሪያ ቤት በር አለማንኳኳቴን ሳስብ ነው። ኢስቲኻራ ያሰቡትን ጉዳይ ይዘው፣ ሁለት ረከዐ ሰግደው የአላህን ምርጫ የሚለምኑበት ነው። እኔ ግን የያዝኩት ጉዳይ አልነበረኝም!

በታሪክ፣ በቋንቋ ወይም በፍልስፍና የተመረቃችሁ ወንድሞችና እህቶች! ዲግሪያችሁ እንደ ሕክምና የሥራ ስም አይሰጥም። ማንበብ፣ መጠየቅና መጻፍ ግን አስተምሯችኋል፤ ይህን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት የታሪክ ምሁር ዶክተር ሑሴን አሕመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ ከእጅ ጽሑፍና ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስበው በ2001 በመጽሐፍ አውጥተዋል። አንባቢ የሚጠብቅ ኪታብ ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ። ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ አልዋሽም።

እኔ በዘጠነኛው ወር ስለ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴዎች የጻፍኩትን ይዤ ወደ አንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሄድኩ። አዘጋጁ ግማሹን ሰርዘው «ሐሙስ ሌላ ይዘህ ና» አሉኝ።