ዐቃቤ ሕግ ከበሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ሲቆም



ጽንስ ማስወረድ በዲናችን ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ አንድን ነገር መጥላት ሌላ፣ የተጠላውን ነገር በእርግጥ የሚቀንስ ሕግ ማውጣት ደግሞ ሌላ ነው። "ሕጉን ማጥበቅ ብቻ ነው፤ ያኔ ሁሉም ይቆማል" የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ ሐሳብ በሩማኒያ 23 ዓመት ሙሉ ተሞክሯል። ውጤቱን ማወቁ ይጠቅመናል።

በሩማኒያ ውርጃ እ.ኤ.አ. በ1957 ተፈቅዶ ነበር። የወሊድ መከላከያ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ በ1965 አንድ ሕፃን በተወለደ ቁጥር አራት ያህል ጽንስ ይወርድ ነበር። ይህ በእርግጥ አሳዛኝ ነው። በጥቅምት 1966 የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት 770ኛውን ድንጋጌ አወጣ። ከዚያ በኋላ ውርጃ የሚፈቀደው ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች፣ አራት ልጆች ላሏት፣ ለተደፈረች ወይም ሕይወቷ አደጋ ላይ ለወደቀ ሴትና ለመሳሰሉት ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ሆነ። የድንጋጌው ዓላማ የሕዝቡን ቁጥር ማብዛት እንጂ የነፍስ ክብር አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ሕጉ የሠራ መሰለ። በ1966 ወደ 274 ሺህ የነበረው የተወላጆች ቁጥር በ1967 ወደ 528 ሺህ አሻቀበ። ሕዝቡ ግን ማምለጫ መንገድ ፈለገ። ከሺህ ሰው 27 ደርሶ የነበረው የወሊድ መጠን በ1983 ተመልሶ 14 ሆነ፤ ይኸውም ከድንጋጌው በፊት የነበረው ልክ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ውርጃው የሚፈጸምበት ቦታ ነው። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

የመጀመሪያው ጉዳት በወሊድ መከላከያ ላይ ደረሰ። መንግሥት ልጅ እንዲበዛ ስለፈለገ ኪኒንም ሆነ ኮንዶም በሕጋዊ መንገድ የማይገኝ ሆነ። የተገኘውም በጥቁር ገበያ በውድ ይሸጥ ነበር። እርግዝናን አስቀድሞ የሚከላከለው በር ሲዘጋ፣ የቀረው በር ያው የተከለከለው ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳት በሴቶቹ ላይ ነው። በድብቅ አስወርዳ ደም የሚፈሳት ሴት ሐኪም ቤት ብትሄድ ምርመራ ይጠብቃታል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሰዓት ቤቷ ትተኛለች። በ1989 ከ100 ሺህ ወሊድ ከ150 የሚበልጡ እናቶች ይሞቱ ነበር። ከእነዚህም ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት የሞቱት በውርጃ ምክንያት ነው። በእነዚያ ዓመታት በዚሁ መንገድ መሞታቸው የተመዘገበው ብቻ ከ9 ሺህ ይበልጣል። ብዙዎቹ ሌሎች ልጆች ያሏቸው እናቶች ነበሩ። በሌላ በኩል አሳዳጊ ያጡ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናት በመንግሥት ማሳደጊያዎች ተከማችተው ተገኙ።

ሦስተኛው ጉዳት በሐኪሞች ላይ ነው። በ1980ዎቹ በፋብሪካዎች ሴቶች እርጉዝ መሆን አለመሆናቸው በግዴታ ይመረመር ነበር። ዐቃቤ ሕጎችና የደኅንነት ሰዎች በሐኪም ቤቶች ይቆጣጠሩ ጀመር። ሐኪሙ ደሟ የሚፈሰውን ሴት ለማከም የባለሥልጣን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። ያለ ፈቃድ ቢያክም እስር አለ፤ ቢጠብቅ ደግሞ በሽተኛዋ ትሞታለች። ሕግ ሐኪሙን ሲያስፈራራ ዋጋውን የምትከፍለው አልጋው ላይ ያለችው ናት።

ድንጋጌው ቻውሼስኩ በተገደለ ማግስት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1989 ተሻረ። በአንድ ዓመት ውስጥ የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ወረደ። ነገር ግን በ1990 አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ውርጃ ተመዘገበ። "ይኸው፣ ሕጉ ሲነሳ በዛ" የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም 23 ዓመት መከላከያ ያልተማረ ሕዝብ ሌላ ዘዴ ከየት ያምጣ? የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ቀስ በቀስ ሲስፋፋ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ በ2019 ከዚያ ከአንድ አሥረኛ በታች ሆነ። የሕዝቡ መሰደድና ማርጀት የራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መከላከያው ነው። ዛቻ ያልቀነሰውን ኪኒን ቀነሰው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሰሓቦች በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) ያወሱት በቡኻሪና በሙስሊም ሰፍሯል። ብዙኃኑ ዑለማም ባልና ሚስት ተስማምተው ለጊዜው እርግዝናን መከላከላቸውን ፈቅደዋል። ከ120 ቀን በኋላ ማስወረድ ክልክል ነው። በ1990 መካ ላይ የተሰበሰበው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤትም ይህንኑ አጽንቶ፣ የእናትየዋ ሕይወት በእርግጥ አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ፈቅዷል። አደጋውን እንዲያረጋግጡ ያደረገውም የታመኑ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ነው። ሩማኒያ በሐኪሙ ቦታ ዐቃቤ ሕግ አቆመች።

እንግዲህ ውርጃ እንዲቀንስ ከልቡ የሚፈልግ ሰው፣ ቅጣቱ ስንት ዓመት ይሁን ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ መከላከያው በባልና ሚስቱ እጅ ይደርሳል ወይ? የታመመችው ሳትፈራ ወደ ሐኪም ትሄዳለች ወይ? ሐኪሙስ ወደ በሩ ሳያይ ያክማል ወይ? የሦስቱ መልስ "አይ" ከሆነ ሕጉ ጽንሱንም እናቲቱንም አያድንም።

ወሏሁ አዕለም።