ሆጀሌ የሚባል ስም

አሶሳ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ጥላ ሥር። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወጣቱ እዚሁ ከተማ ያደገ፣ አሁን በጉባ በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በኤሌክትሪክ ቴክኒሻንነት የሚሠራ ነው። ወደ ውጭ አገር ለሥልጠና ሊላክ ነውና የሚሞላውን ቅጽ ይዞ መጥቷል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬ ነው የመጣሁት። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። የአባት አይልም፣ የአያት አይልም። የቅድመ አያቴ ስም ሆጀሌ ነው። ዘመዶቼ የሼህ ሆጀሌ ዘር ነን ይላሉ። ታዲያ ሆጀሌን የቤተሰብ ስም ብዬ ብጽፈው ምን ችግር አለው?

አዛውንቱ፦ እስኪ ፓስፖርትህን አሳየኝ።

ወጣቱ፦ ይኸው።

አዛውንቱ፦ አየህ፣ ላይኛው መስመር ላይ የአያትህ ስም ለብቻው ገብቷል። ከሥሩ ያንተና የአባትህ ስም ተከታትለው ተጽፈዋል። ሆጀሌ የትም የለም። ቅጹ ላይ ሆጀሌ ብለህ ከጻፍክ በወረቀት ሁለት ሰው ትሆናለህ፤ ቪዛው አንድ ስም፣ ፓስፖርቱ ሌላ ስም ይይዝና አየር ማረፊያ ላይ ትጉላላለህ። የአያትህን ስም ጻፍ። የቅጹ ነገር በዚህ አለቀ። የዘሩ ነገር ግን እንዲህ በአጭሩ አያልቅም።

ወጣቱ፦ ስሙ ራሱ ማስረጃ አይሆንም እንዴ? ሆጀሌ እኮ የትም የሚገኝ ስም አይደለም። አዲስ አበባ ስማር አንድም ሞክሼ አላጋጠመኝም።

አዛውንቱ፦ አዲስ አበባ ላይ ብርቅ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ግን የታወቀ ስም ነው። የመጣውም ከዚያ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሰናር የፉንጅ ሱልጣኔት ገና ሳይወድቅ፣ ሼህ ኾጃሊ የሚባሉ ትልቅ የሃይማኖት ሰው ነበሩ። ዛሬ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል ነው የተቀበሩት፤ ሰፈሩም እስካሁን በስማቸው ሂላት ኾጃሊ ይባላል። ሰዉ ለበረከት ብሎ ልጁን በእሳቸው ስም ሲጠራ፣ ስሙ በአባይ ዳርና ዳር ተዛመተ። ይኼ የእኛ አገር፣ ቤላ ሻንጉል የሚባለው፣ የሰናር ጠረፍ ነበር። ቁርኣን አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ወርቅ ፈላጊው ወደዚህ ሲወጣ ስሙንም ይዞት ወጣ። ወርቁማ እስከ ካይሮ ድረስ የተሰማ ነበር፤ የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ሰናርን እ.ኤ.አ. በ1821 ካስያዘ በኋላ፣ በስተርጅናው ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጥቶ ነበር።

ወጣቱ፦ ሼህ ሆጀሌስ?

አዛውንቱ፦ ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን የዚህ የአሶሳ አካባቢ ገዥ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ጦር ይዘው መጥተው አገሩን ወደ ምኒልክ ግዛት አስገቡ፤ እሳቸውም በኋላ አዲስ አበባ ላይ ታሰሩ። ዓመታት ቆይተው ተፈቱና በወርቅ ግብር ተመልሰው አገራቸውን ገዙ፤ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ በሕይወት ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ያሠሩት ቤት አለ፤ ሰፈሩም ሸጎሌ ተባለ። ሼህ ሆጀሌ፣ ሼህ ሆጀሌ ሲባል ቆይቶ በሰው አፍ ተጨማድዶ ነው ሸጎሌ የሆነው።

ወጣቱ፦ ሸጎሌ? የአውቶቡስ ዴፖ ያለበት? ስንቴ አልፌበታለሁ መሰለዎት!

አዛውንቱ፦ እሱው ነው፤ ጉለሌ ክፍለ ከተማ። ካርቱም አንድ ሰፈር፣ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ነዋሪዎቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ዘር ስትቆጥር አብረህ እንድትቆጥረው። የሼህ ሆጀሌ ስም ከወርቅ ጋር ብቻ አይነሳም። ከባሪያ ንግድም ጋር ይነሳል፤ ባለቤታቸው ሲት አምና በሱዳን እንግሊዞች መዝገብ የምትታወቀው በዚሁ ነው። የተሸጡት ደግሞ የዚሁ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከበርታውም፣ ከጉሙዙም፣ ከማኦውም። እነሱ በስም የተጻፈላቸው ነገር የለም። ይህን ልጆቼን ሳስተምር ዘልዬው አላውቅም።

ወጣቱ፦ እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግን ጋሼ፣ አሁንም ጥያቄዬ አለ። ቅድመ አያቴ ከሼህ ሆጀሌ ጋር በስም ከተገናኘ በሥጋም ሊገናኝ አይችልም?

አዛውንቱ፦ ሊችል ይችላል፤ ስሙ ግን ያንን አይነግርህም። እንካ አንድ ምሳሌ። በዚያው ዘመን ቤላ ሻንጉልን ይገዙ የነበሩት ሌላ ሼህ፣ አብዱራህማን ሆጀሌ ይባላሉ። የእሳቸው ሆጀሌ የአባታቸው ስም ነው፤ የአሶሳው ሆጀሌ ደግሞ የራሳቸው የመጠሪያ ስም ነው። አንድ እንግሊዛዊ ሁለቱን ስም በወረቀት ላይ ቢያይ «የሆጀሌ ቤተሰብ» ብሎ አንድ መዝገብ ውስጥ ያስገባቸው ነበር። እኛ አገር አንድ ስም የሚመጣው በመወለድ ብቻ አይደለም። ለበረከት ይሰጣል፣ ለገዥ ክብር ይሰጣል፣ ጎረቤት ስላወጣው ይሰጣል።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ዛሬ ስንት ሆጀሌ አለ ብዬ ብጠይቅስ? ብርቅ መሆኑን አለመሆኑን ለማወቅ።

አዛውንቱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን እንዴት አድርገህ ትቆጥረዋለህ? አንተ ቤት ሆጀሌ ቅድመ አያት ነው። አያትህ «እገሌ ሆጀሌ» ተብለው ተጠሩ። አባትህ ስም ላይ አያት ሆኖ ሦስተኛ ቦታ ያዘ። አንተ ላይ ሲደርስ ከወረቀት ወጣ። አራት ትውልድ ብቻ! ቤተሰቡ አለ፣ ልጆቹ በዝተዋል፣ ስሙ ግን ሄዷል። እንግሊዝ አገር ግን እንዲህ ያለ ስም ይቆጠራል፤ እስከ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ወደኋላ ይሄዱበታል።

ወጣቱ፦ በምን ዘዴ?

አዛውንቱ፦ ወንዛችንን በሚያውቅ በአንድ ሰው ስም ላሳይህ። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። የአባይን ሸለቆ ከጣና እስከ ሱዳን ጠረፍ ተከታትሎ ካርታ ያነሳ፣ በ1936 ስለ ጣናና ስለ ጥቁር አባይ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የሸለቆው ብዙ ክፍል ካርታ ላይ ባዶ ነበር። አሁን ግድቡ የቆመበት የጉባ ቆላ ከዚያ ውስጥ ነው።

ወጣቱ፦ ቺዝማን ማለት ትርጉም አለው?

አዛውንቱ፦ አይብ የሚሠራ ወይም የሚሸጥ ሰው ማለት ነው። በመጀመሪያ አንድ አይብ ሻጭ በሥራው ተጠራበት፤ እኛስ አንጥረኛው እገሌ እንል የለ? ከኖርማኖች ወረራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1066 በኋላ ነው እንግሊዞች ይህን ቅጽል ለልጅ ማውረስ የጀመሩት። ልጁ አናጢ ሆነ፣ የልጅ ልጁ ወታደር ሆነ፣ ስሙ ግን አይብ ሻጭ ሆኖ ቀረ። በብዛት የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንትና በሰሴክስ አካባቢ ነው። እንደ ስሚዝ በየመንደሩ አታገኘውም። ታዲያ እንዴት እንደሚታወቅ ልንገርህ፤ ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲጽፍ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም በቶማስ ክሮምዌል ታዘዘ። በ1837 መንግሥት ራሱ ልደትና ሞት መመዝገብ ጀመረ። የ1841 ቆጠራ ደግሞ ሰዉን በስም ጻፈ። የ1881ዱን ቆጠራ በጎ ፈቃደኞች በኋላ ስም በስም ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። ስለዚህ አንድ ስም የት ወረዳ በዛ፣ የት ጠፋ፣ በአንድ ቀን ታየዋለህ።

ወጣቱ፦ እነሱ ዘንድም ይጠፋል እንዴ?

አዛውንቱ፦ ይጠፋል እንጂ! ይሄ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው። እስኪ ያንን እንጨት አቀብለኝ... አየህ፣ መሬት ላይ አራት ሰው ጻፍኩ፤ አራቱም የተለያየ የቤተሰብ ስም አላቸው። ስሙን የሚያወርሰው ወንድ ልጅ ብቻ ነው እንበል። አንዱ ሳይወልድ ሞተ፣ ስሙ ቆመ። ሁለተኛው ሴቶች ብቻ ወለደ፣ እሱም ቆመ። ሦስተኛው አንድ ወንድ ወለደ፣ አራተኛው ሦስት። በአንድ ትውልድ ከአራት ስም ሁለት ቀረ፤ ሕዝቡ ግን አልቀነሰም። ይህንን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1873 ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ ሰው አደባባይ አወጣው፤ ሄንሪ ዋትሰን የተባለ የሒሳብ ሊቅ ቄስ መለሰለት፤ በ1874 አብረው አሳተሙት። ዋትሰን ስሞች ሁሉ መጥፋታቸው አይቀርም ብሎ ደመደመ። በዚያ ተሳስቶ ነበር፤ ከሱ በኋላ የመጡት አረሙት። አንድ አባት በአማካይ ከአንድ ወንድ ልጅ በላይ ካልወለደ ስሙ በእርግጥ ይጠፋል፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ግን የመትረፍ ዕድል አለው። ዛሬ ይኸው ስሌት ስለ ኑክሊየር ፍንዳታም፣ ስለ ወረርሽኝም ይሠራበታል።

ወጣቱ፦ እኛ ዘንድ ታዲያ ምንም ዕድል የለም ማለት ነው። ልጅ ቢበዛም ባይበዛም ስሙ ይወርዳል።

አዛውንቱ፦ ልክ ነህ፣ በደንብ ገብቶሃል። የእኛ ግን ጉድለት ነው ብለህ አትውሰድ። አይስላንዶች እስከ ዛሬ እንደ እኛ በአባት ስም ይጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ሕግ አውጥተው አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከለከሉ። የዌልስ ሰዎችም ድሮ እንደዚሁ ነበሩ፤ ፕራይስ የሚባለው የሪስ ልጅ፣ ፓወል የሚባለው የሃዌል ልጅ ማለት ነበር፤ የእንግሊዝ ሕግ ሲጫናቸው ነው የረጋው። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1934 በአዋጅ ተገደው ያዙ።

ወጣቱ፦ እኛስ በሕግ ተሞክሮ አያውቅም?

አዛውንቱ፦ ተሞክሯል! ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ ነው። አንቀጽ 32ን ብታነብ፣ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ሕጉ መስከረም 1 ቀን 1953 መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት ባለው ማታ፣ ጳጉሜ 5፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ ነበር። ዓለም «ቢቂላ» ብሎ ጠራው፤ እኛ አበበ አልነው። ሕጉ ከወጣ ይኸው ስንት ዘመን፣ ሕዝቡ የቤተሰብ ስም አልያዘም፤ የስልክ ማውጫችን እንኳ በመጠሪያ ስም የተደረደረ ነበር። ውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ግን ተገድደው ያዙት። እዚያ የተወለደው ልጅ የአያቱ ስም ላይ ይቆማል፤ የእሱም ልጅ በዚያው ይጠራል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚያድግ አንድ ሆጀሌ ቢኖር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚቆጠረው እሱ ነው፤ አሶሳ ያለነው አይደለንም።

ወጣቱ፦ እና ምን ይሻላል ይላሉ? እንደ ፈረንጆቹ እንያዝ?

አዛውንቱ፦ እኔ አልልም። የአባቴን ስም ከአጠገቤ ማድረግ እወዳለሁ፤ ሴት ልጄም ስታገባ ስሟን አለመቀየሯ ደስ ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ አለመጻፋችን ነው። እንግሊዝን ያዳነው የቤተሰብ ስም አይምሰልህ፤ የደብሩ መዝገብ ነው። መዝገብ ካለ፣ ስሙ ከትውልድ ትውልድ ቢቀያየርም ሰንሰለቱ አይጠፋም። አይስላንዶች ስማቸው እየተቀያየረ ዘራቸውን ለብዙ መቶ ዓመት ይቆጥራሉ፤ ጽፈውታላ። እኛ የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760 የወጣልን በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በአገር ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም.። ገና ለጋ ነው።

ወጣቱ፦ የእኔ ልጅ አልተመዘገበችም። እናቷ ትሂድ፣ እኔ ልሂድ ስንባባል...

አዛውንቱ፦ ይኼን አላሰብኩም ነበር! ሕጉ እኮ በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ይላል። ብታልፍም ግድ የለም፣ ነገ ቀበሌ ሂድ። ስሟን፣ ያንተን፣ የአባትህን ስም በትክክል አስጽፍ፤ ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ እንደ «ሆጀሌ» እና «ሖጀሊ» አንዱ ሰው በጽሑፍ ሁለት ሆኖ እንዳይቀር ፊደሉን አይተህ ፈርም። ማታ ደግሞ አያትህን ጠይቃቸው፤ ስንት ቤት ወደኋላ እንደሚቆጥሩ፣ ሆጀሌን ማን ስም እንዳወጣለት፣ ከየት እንደመጣ፣ ወንዶቹን ብቻ ሳይሆን እናቶቹንም። ከሼህ ሆጀሌ ጋር ዝምድና ካለ በዚያ ይወጣል፤ ከሌለም ይለያል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እሺ። ደግሞ ጉባ ላይ የምናውቃቸው አሉ፤ ሐይቁ ሲሞላ ከቦታቸው የተነሱ የጉሙዝ ሽማግሌዎች። እነሱም ብዙ ያውቃሉ።

አዛውንቱ፦ እነሱን ቅድሚያ ስጣቸው። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ውሃ ንጋት ሐይቅ ተብሎ በየጋዜጣው ተጽፏል። ከሐይቁ በታች የቀሩት መንደሮች፣ ጅረቶችና መሻገሪያዎች ግን ስማቸው ያለው በእነዚያ ሽማግሌዎች አፍ ነው። አንተ በየወሩ እዚያ ትመላለሳለህ፤ ደብተር ያዝ፣ ጠይቃቸው፣ የነገሩህን ስምና የነገረህን ሰው አብረህ ጻፍ፤ ቀኑንም። አሶሳ ስትመጣ አምጣውና አብረን በንጽሕና እንገለብጠዋለን፤ አንዱን ቅጂ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ አንዱን ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ እንሰጣለን።