የፒክአፕ ቦታና የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ

የዲፓርትመንታችን ጊታር ተጫዋቾች ሲገናኙ ከማይቀሩት ክርክሮች አንዱ የፒክአፕ ጉዳይ ነው። «የኔ ጊታር ድምፁ ቀጭን ነው፤ ፒክአፑን ካልቀየርኩት አይሆንም» የሚል አይጠፋም። አንድ ጓደኛዬ እንዲያውም ከውጭ ለሚያስመጣው ፒክአፕ ከኪስ ገንዘቡ እየቀነሰ ማጠራቀም ጀምሯል። የኔ አቋም ግን ብር ከመውጣቱ በፊት ፒክአፑ የት እንደተቀመጠ ማየት ይቀድማል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ሁላችንም ከተማርነው የሞገድ ትምህርት ተነስቼ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ፒክአፕ በመሠረቱ ማግኔትና በዙሪያው ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ከበላዩ ሲርገበገብ ማግኔታዊው መስክ ይለዋወጣል፤ በፋራዳይ ሕግ መሠረትም ሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ፒክአፑ የሚሰማው ከበላዩ ያለችውን ትንሽ የክር ክፍል ብቻ መሆኑን ነው። ክሩ ሌላ ቦታ ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም።

ክሩ ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይንቀሳቀስም። 1ኛው ሃርሞኒክ መሀል ላይ በሰፊው ይወዛወዛል፣ ወደ ጫፎቹ ሲጠጋ ይጠባል። 2ኛው ሃርሞኒክ ግን መሀል ላይ ጭራሽ አይነቃነቅም፤ ይህ ነጥብ ኖድ ይባላል። ፒክአፑ ከብሪጁ ያለውን ርቀት ለክሩ ርዝመት አካፍለን በሃርሞኒኩ ቁጥርና በ180 ዲግሪ ብናባዛ፣ የዚያ ማዕዘን ሳይን ፒክአፑ ከሃርሞኒኩ ምን ያህሉን እንደሚያገኝ ይነግረናል።

እንግዲህ በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፌንደር ስትራቶካስተር እንውሰድ። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። የአንገቱ ፒክአፕ ከብሪጁ 162 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ይኸውም ልክ ሩብ ማለት ነው። የብሪጁ ፒክአፕ ደግሞ መሀሉ ላይ ሲለካ ወደ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ለ1ኛው ሃርሞኒክ ሲሰላ አንገቱ ጋ 0.71፣ ብሪጁ ጋ 0.2 ይመጣል። ያው ክር፣ ያው ምት፣ ግን ብሪጁ ጋ ያለው መሠረታዊ ድምፅ ከሲሶ በታች ነው! 4ኛውን ሃርሞኒክ ስናሰላ ነገሩ ይገለበጣል፦ ብሪጁ ጋ 0.71 ሲሆን አንገቱ ጋ ዜሮ ነው። የአንገቱ ድምፅ ወፍራምና ክብ፣ የብሪጁ ሹልና ቀጭን የሚሆነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነስተው «የአንገቱ ፒክአፕ 24ኛው ፍሬት ሊሆን የሚችልበት ኖድ ላይ ስለተቀመጠ ነው የሚጣፍጠው» የሚሉ አሉ። እኔ ብዙም አልቀበለውም። ነገሩ እውነት የሚሆነው ክሩ ሳይያዝ ሲመታ ብቻ ነው። 5ኛው ፍሬት ላይ ስንይዝ ክሩ ወደ 486 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ፒክአፑም ሲሶው ላይ ይወድቅና የሚጠፋው 3ኛው ሃርሞኒክ ይሆናል። 12ኛው ላይ ስንይዝ ደግሞ ፒክአፑ መሀል ላይ ይገኛል፤ ጥንድ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች በሙሉ ይጠፋሉ። ጣት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኖዱ ይንቀሳቀሳል። ማንስ ሶሎ በባዶ ክር ብቻ ይጫወታል?

የስትራቶካስተር የብሪጅ ፒክአፕ አግድም የተቀመጠውም ለጌጥ አይደለም። በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ወደ አንገቱ፣ በቀጭኖቹ በኩል ወደ ብሪጁ ያዘነብላል። ግራኙ ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ሲጫወት ይህም አብሮ ተገለበጠ፤ ወፍራሞቹ ክሮች ሹል፣ ቀጭኖቹ ለስለስ ያሉ ሆኑ።

(የክራር ልጆች ይህን ሳትማሩም ታውቁታላችሁ። ወደ በርኩማው ተጠግታችሁ ስትመቱ ድምፁ ይሾላል። እዚያ የሚለወጠው የሚመታበት ቦታ ነው እንጂ የሚሰማበት አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ወንድምና እህት ነው።)

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። እሱ ሁልጊዜ የሚጫወተው በብሪጁ ፒክአፕ ነው። አዲሱ ፒክአፕ ሽቦው የበዛ ከሆነ ከፍ ያለና ጨለም ያለ ድምፅ ሊሰጠው ይችላል፣ ይህን አልክድም። ቦታው ግን ያው 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ 0.2 የነበረው 0.71 አይሆንለትም። መጀመሪያ ስዊቹን ወደ አንገቱ ያዙረው። እዚያም ቀጭን ከሆነ የፒክአፑን ከፍታ በመፍቻ ያስተካክል፣ አምፕሊፋየሩንም ይፈትሽ። ሁለቱም ምንም አያስወጡም።

ጊታር ያላችሁ አንድ ሙከራ ላሳያችሁ። ከ5ኛው ፍሬት በላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ ምቱና ጣታችሁን ወዲያው አንሱ፤ የሚሰማው 4ኛው ሃርሞኒክ ነው። በብሪጁ ፒክአፕ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስዊቹን ወደ አንገቱ ስታዞሩት ግን ክሩ እየተርገበገበ ድምፁ ከአምፕሊፋየሩ ሊጠፋ ይደርሳል። ፒክአፑ ራሱ የተወሰነ ስፋት ስላለው ሙሉ በሙሉ ዝም አይልም፤ ምን ያህል እንደሚቀር ላብ ውስጥ ባለው ኦሲሎስኮፕ መለካት ይቻላል።