የጉልበት መነሻ ዋጋ፦ በመርካቶ የመስታወት ጽዳት ሥራን ዋጋ ስለ መተመን

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተመሠረተ የገበያ ሰፈር ነው። ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከነበሩት የቆርቆሮ ሱቆች ብዙዎቹ ፈርሰው ፊታቸው መስታወት የሆነ ፎቆች ተተክተዋል። ከእህል በረንዳና ከበርበሬ ተራ የሚነሣው ብናኝ፣ የጭነት መኪናው ጢስና በክረምት የሚረጨው ጭቃ እነዚህን መስታወቶች ፈጥኖ ያደበዝዛቸዋል። ስለዚህ ሥራ ያጡ የአጥቢያ ወጣቶችን ለማደራጀት የሚያስብ ሰበካ ጉባኤ የመስታወት ጽዳትን ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ሥራው ብዙ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሙያውም በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት ግን ሥራ እያላቸው ይፈርሳሉ። ለዚህ አንዱ ዋና ምክንያት ዋጋቸው ነው።

የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ ሲከራከር የማይወርድበት ወለል አለው፤ ዕቃውን ስንት እንደገዛው ያውቃልና። ገዢው «የመጨረሻውን ንገረኝ» ቢለው ከዚያ በታች አይሄድም። ጉልበቱን የሚሸጥ ወጣት ግን ምንም ያልገዛ ይመስለዋል። ባልዲው የራሱ ነው፣ ክንዱም የራሱ ነው፤ በመሆኑም ተከራካሪው እስከ ወሰደው ድረስ ይወርዳል። ይህ ጽሑፍ ለልማት ክፍል ኃላፊዎችና ለካህናት አባቶች ሊያስረዳ የሚሻው ጉልበትም የመግዣ ዋጋ እንዳለው፣ ይህም ወጣቱ ወደ ድርድር ከመግባቱ በፊት በወረቀት ላይ ተሰልቶ ሊታወቅ እንደሚገባ ነው።

ዘመኑ ስሌቱን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአሉሚኒየም መሰላል፣ የደኅንነት ገመድና ቀበቶ፣ ባለ ላስቲክ መጥረጊያ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሌላ በኩል ባለ ሱቁ ራሱ ተጨንቋል። ወጪ ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚነካው ጽዳትን ነው፤ የቆሸሸ መስታወት በዕለቱ ሽያጭ አያስቆምምና። ማኅበሩ እንግዲህ ከላይ በወጪ፣ ከታች በደንበኛ ተይዟል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አጥቢያ በራሱ ቁጥር ይተካቸው። አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ በአራት ወጣቶች የአንድ ቀን ሥራ ይፈልጋል እንበል፤ ወጣቶቹም በማኅበሩ ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። የቀን ክፍያቸው 500 ብር ቢሆን 2,000 ብር ይሆናል። አሠሪ ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ 220 ብር ነው። ለፈሳሽ ሳሙና፣ ለጨርቅና ለውኃ 380 ብር፣ መሰላሉን ጭኖ ለመሄድና ለመመለስ 300 ብር ይያዝ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መሣሪያው 27,000 ብር ተገዝቶ ለሦስት ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 180 የሥራ ቀን ሲታሰብ ለቀን 50 ብር ይደርሳል። ነገር ግን ያው መሣሪያ ዛሬ 54,000 ብር ከሆነ መታሰብ ያለበት 100 ብር ነው፤ ገመዱ ሲያረጅ የሚተካው በነገው ዋጋ እንጂ በትናንቱ አይደለምና። እንዲሁም ለዕቃ ማስቀመጫ፣ ለስልክ፣ ለፈቃድ እድሳትና ለሒሳብ ሥራ በወር 4,500 ብር ቢወጣ፣ ማኅበሩ በወር 15 ቀን ብቻ ሥራ ካገኘ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን 300 ብር ይደርሰዋል። በ30 ቀን ማካፈል ራስን ማታለል ነው። ጠቅላላው 3,300 ብር ይሆናል። ይህ ወለሉ ነው። ለመጠባበቂያና ለመድን 10 በመቶ ሲታከልበት የሚጠየቀው ዋጋ 3,630 ብር ይደርሳል። ማኅበሩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ በዚህ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 544 ብር ከ50 ሳንቲም ይጨመራል፤ ይህ ገንዘብ ግን የመንግሥት ስለሆነ በድርድር የሚቀነስ አይደለም።

ሌላ ቡድን መጥቶ «በ2,500 እንሠራዋለን» ቢልስ? ዋጋው ከወለሉ በ800 ብር ያንሳል። ሳሙና ሻጩና ባለ መኪናው አይቀንሱም። ጉድለቱ የሚሞላው ወይ ከእያንዳንዱ ወጣት የቀን ክፍያ 200 ብር ያህል በመቁረጥ ነው፣ ወይም ገመዱን ባለመተካት ነው። የመጀመሪያው ወጣቱን ከሥራው ያሸሸዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ልጅ ሕክምናና ካሣ በማኅበሩ ላይ ይወድቃል፤ የእናቱ ልቅሶ ደግሞ ወደ አጥቢያው ደጅ ይመጣል። የገመዱን ወጪ ሊሸፍን ለማይችል ደንበኛ ከመሬት ተደርሶ የሚወለወለውን ብቻ መሥራት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን እምቢ ማለት ይገባል።

ይህ ማለት ግን ለተቸገረ ደንበኛ ምንም አይደረግለትም ማለት አይደለም። የሚቀነሰው ሥራው እንጂ የቀን ክፍያው አይሁን። ከላይ የተጠቀሰው ሕንፃ ባለቤት በወር ሁለት ጊዜ ሙሉ ጽዳት ያሠራ ከነበረ 7,260 ብር ይከፍላል። አንዱ ጽዳት ሙሉ ሆኖ፣ ሁለተኛው ገዢ የሚያየውን የታችኛውን ክፍል ብቻ በሁለት ወጣቶች በግማሽ ቀን የሚሸፍን ቢሆንስ? የሁለተኛው ወጪ በዚያው መንገድ ሲሰላ፣ ለክፍያ 500፣ ለጡረታ 55፣ ለሳሙናና ለጨርቅ 120፣ ለመጓጓዣ 150፣ ለመሣሪያ 25፣ ለአስተዳደር 100 ብር፣ በድምሩ 950 ብር ነው፤ ከመጠባበቂያው ጋር 1,045 ብር ይሆናል። ደንበኛው በወር 4,675 ብር ይከፍላል፤ 2,585 ብር ተርፎታል። የወጣቱ የቀን ክፍያም አልተነካም። ሆኖም ማኅበሩ የሥራ ጊዜ አጥቷል፤ ያ ጊዜ ለሌላ ደንበኛ ካልተሸጠ ጉዳቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ መርካቶ ከሌሎች ሰፈሮች የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ሱቆቹ ጎን ለጎን ናቸው። በአንድ ተራ ውስጥ ያሉ ስምንትና ዐሥር ባለ ሱቆች ተስማምተው በአንድ ጠዋት ቢያሠሩ የመጓጓዣውና የመሰላሉ ወጪ ለሁሉም ይከፋፈላል። ያን ጊዜ የሚደረገው ቅናሽ ከእውነተኛ ቁጠባ የመጣ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ሰዓቱም በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። ሱቅ ከመከፈቱ በፊት በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ፣ ወዛደሩና የጭነት መኪናው መንገዱን ከያዙ በኋላ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ በዓርብ ጸሎት ሰዓት መሰላል ማቆም አይታሰብም። እሑድ ሰፈሩ ጸጥ የሚልበት ቀን በመሆኑ ደንበኞች በእሑድ ይሠራ ሲሉ ይሰማል፤ ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከአባቶች ጋር ተመካክረው አስቀድመው ይወስኑት እንጂ በድርድር መካከል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ሁሉም ደንበኛ ከአንድ ተራ እንዳይሆን ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው የእሳት ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ሀብት በአንድ ሌሊት አውድሟል። በእንዲህ ያለ ቀን ደንበኛ «ነገ ና» እንኳ ሊል አይችልም። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የሚታከለው 10 በመቶ ለዚህ ጭምር ነው።

ዱቤም ሌላው የዋጋ ጠላት ነው። የመርካቶ ንግድ በመተማመን ላይ የቆመ ስለሆነ ዱቤ የተለመደ ነው፤ የጅምላ ነጋዴ ግን የዱቤ ሽያጩን ዋጋ ያውቃል፣ ወጣቶቹ አያውቁም። የኑሮ ውድነቱ በ2014 ዓ.ም. እንደታየው በዓመት 30 በመቶ ሲሆን፣ ለሦስት ወር የዘገየ 3,630 ብር ከመግዛት አቅሙ 230 ብር ያህል ያጣል። ከተያዘው መጠባበቂያ አብዛኛው በዝምታ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ውሉ የክፍያውን ቀን በግልጽ ይወስን፤ ዋጋው የሚጸናው ለሦስት ወር ብቻ መሆኑን፣ ነዳጅ ጨምሮ የመጓጓዣ ታሪፍ ከተሻሻለም እንደገና እንደሚታይ ይጻፍበት። ለቆየ ደንበኛ ድንገት ከሚነገር ጭማሪ ይልቅ በውል የተጠበቀ ጭማሪ ይቀለዋል።

እስካሁን ስለ ወጣቶቹ ተናገርን፤ የሰበካ ጉባኤው ድርሻስ? አንዳንድ አጥቢያ ለሚያደራጃቸው ወጣቶች የዕቃ ማስቀመጫና ውኃ በነጻ ይሰጣል። ድጋፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወጪው በስሌቱ ውስጥ እንደተከፈለ ሆኖ ይያዝ። አለበለዚያ ማኅበሩ በአጥቢያው ድጎማ የጎረቤት ወረዳን ወጣቶች ከገበያ ያስወጣል፣ ድጋፉ በቆመ ዕለትም ራሱ ይወድቃል።

በአዲስ አበባ በርካታ አድባራት የሚከራዩ ሕንፃዎች ስላሏቸው ሰበካ ጉባኤው ራሱ ደንበኛ ነው። ለዓመታዊ ክብረ በዓል ወጣቶች ቤተ ክርስቲያኑን ቢያጸዱ አገልግሎት ነው፤ በረከቱን ሽተው ያደርጉታል፤ ማንም ዋጋ አይጠይቅበትም። ኪራይ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ መስታወት «ለበረከት» ወልውሉ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ተከራዩ ይከፍላል፤ አጥቢያው ይቀበላል፤ በመካከል ያለው ወጣት ብቻ በባዶ እጁ ይመለሳል። ስለ ተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የሚናገረውን ካህናት አባቶች ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን መምረጥም ለሸቀጥ ግዢ የሚያገለግለውን ያህል ለጉልበት ግዢ አያገለግልም፤ ዝቅተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ወለሉን ያላሰላ ሰው ዋጋ ነውና። የልማት ክፍሉ ተወዳዳሪዎች የሠራተኛውን የቀን ክፍያ፣ የገመድና የቀበቶ ወጪን፣ የጡረታ መዋጮንም ለየብቻ ጽፈው እንዲያቀርቡ ይጠይቅ። ከእነዚህ አንዱ ባዶ የሆነበት ፕሮፎርማ ከውድድር ይውጣ። አሸናፊው ሥራውን ባስረከበ በሳምንቱ ክፍያው እንዲፈጸምለትም ለሒሳብ ሹሙ በቃለ ጉባኤ ይታዘዝ።