ሁለት ጠብታ ሽንት፣ ሃያ ደቂቃ

የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ እንቁላሉም የሚወጣው በሰገራ ነው። ታዲያ በወላይታ ትምህርት ቤቶች ለዳሰሳ የሚሄድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ተማሪውን ሽንት የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ የቆየውን ዘዴ እንይ። ካቶ ካትዝ ይባላል። ባለሙያው ሰገራውን በወንፊት አጥልሎ፣ ስላይድ ላይ ባስቀመጣት ባለቀዳዳ መለኪያ ይሞላና መለኪያዋን ያነሳል። ከዚያ በቀለም የተነከረ ሴሎፋን አልብሶ ይጫነዋል። ቀዳዳዋ የምትይዘው 41.7 ሚሊግራም ነው፤ በማይክሮስኮፕ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ስንት እንዳለ ይታወቃል።

ችግሩም ያለው እዚሁ ስሌት ውስጥ ነው። ትሎቹ ጥቂት ሆነው በአንድ ግራም ሰገራ አንድ እንቁላል ብቻ ቢገኝ፣ በአንድ ስላይድ ላይ የመታየት ዕድሉ ከ24 አንድ ነው። ስላይዱን ሁለት ብናደርገው ከ12 አንድ ይሆናል። ተማሪው «ነጻ ነህ» ተብሎ ይሄዳል፤ ትሉ ግን አብሮት ይሄዳል።

በወላይታ ዞን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙን ከወላይትኛው የንጽሕና ቃል የወሰደው የገሺያሮ ፕሮጀክት የተነሳው በሽታውን ለመቀነስ ብቻ ሳይሆን መተላለፉን ጨርሶ ለማቋረጥ ነው። ሕዝቡ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትሉን መድኃኒት በተደጋጋሚ ሲወስድ እንቁላሉ ይሳሳል፤ «የቀረ አለ ወይ?» ብለን በምንጠይቅበት ሰዓት ማይክሮስኮፑ ይደክማል። ሁለቱ ዘዴዎች ጎን ለጎን በተሠሩበት የፕሮጀክቱ ዳሰሳ፣ የሽንቱ ምርመራ ከእንቁላል ቆጠራው እጅግ የበዛ ሰው አመልክቷል።

ሽንቱ ትሉን የሚያጋልጠው እንዲህ ነው። ትሉ ደም ይመገባል፤ ፊንጢጣ ስለሌለው ቅሪቱን በዚያው በአፉ ይተፋዋል። አብሮ ከአንጀቱ የሚወጣ ካቶዲክ አንቲጂን የተባለ ንጥረ ነገር በደም ይዞራል፤ ኩላሊት አጣርቶት ሽንት ውስጥ ይገባል። ሁለት ጠብታ ሽንት በመመርመሪያዋ ካሴት ላይ ሲንጠባጠብ፣ ፈሳሹ በውስጧ ባለው ስትሪፕ እየተሳበ ቀለም የያዙ ፀረ እንግዳ አካላትን ይዞ ይጓዛል። አንቲጂኑ ካለ በመመርመሪያው መስመር ላይ ተይዞ ቀለም ያወጣል። ውጤቱ በ20 ደቂቃ ይነበባል፤ ማይክሮስኮፕም ሆነ ወንፊት አያስፈልግም።

ፍጥነቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዴ የምትወጣው መስመር እንደ ጥላ የደበዘዘች ናት። አንዱ «አለ» ሲል ሌላው «የለም» ይላል፤ ይህችን ጥላ ከታመሙት ወይም ከጤነኞቹ ጋር መቁጠር ብቻውን የአንድን ቀበሌ ውጤት ይለውጣል። እርግዝና፣ በሽንት ውስጥ ያለ ደም ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ነው ከደብዛዛ እስከ ደማቅ በ10 ደረጃ የተሰናዱ ማነጻጸሪያ ካሴቶች የተሠሩት። ሰዓትም መጠበቅ አለበት፤ ዘግይቶ የሚነበብ ካሴት አይታመንም።

ወስፋትና ሁክ ዎርም የተባሉትን ሌሎች የአንጀት ትሎች ለማየት ደግሞ አሁንም ሰገራ ያስፈልጋል፤ ይህ የሽንት ምርመራ እነሱን አያውቃቸውም። ስለዚህ አዲሱ ዘዴ አሮጌውን አላባረረውም፤ ጥያቄ ተካፈሉ እንጂ። ሽንቱ ትሉን አሁንም የተሸከመው ማን እንደሆነ ይጠቁማል። ሰገራው ደግሞ ስንት እንቁላል ወደ ወንዙና የትሉ እጭ ወደሚያድግበት ቀንድ አውጣ ሊመለስ እንደሚችል ይቆጥራል።