አባት የሞተበት ቤት እንደ ገና ስለ መቆሙ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ወንድሞች ሆይ! ቀባሪው ከተመለሰና ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ያ ቤት በምን ይቆማል? መልሱን ከኡሙ ሰለማ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ቤት እንማር።

ኡሙ ሰለማና ባለቤታቸው አቡ ሰለማ ሃይማኖታቸውን ይዘው ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት ሙእሚኖች ወገን ነበሩ። አቡ ሰለማ በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ በኡሑድ ጦርነት ቆሰሉ፤ ቁስሉም አገርሽቶ በ4ኛው ዓመት ሞቱ። ኡሙ ሰለማ አላህ የተሻለ ምትክ እንዲሰጣቸው ለመኑ፤ ነገር ግን ከአቡ ሰለማ የሚሻል ይገኛል ብሎ ማመን ለልባቸው ከብዶት ነበር። እንግዲህ ኀዘን የእምነት ጉድለት አይደለም።

ዒዳቸው ሲፈጸም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ ጠየቋቸው። እርሳቸውም ዕድሜያቸው መግፋቱን፥ ቀናተኛ መሆናቸውን፥ ልጆችም እንዳሉባቸው ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ነቢዩ ልጆቹን እንደ ሸክም አልቈጠሩም፤ ከእናታቸው ጋር ተቀበሏቸው።

ከልጆቹ አንዱ ዑመር በማዕድ ላይ እጁ በሳሕኑ ዙሪያ ሁሉ ይዞር ነበር። ነቢዩም የአላህን ስም እንዲጠራ፥ በቀኝ እጁ እንዲበላ፥ ከፊቱም ካለው እንዲያነሣ አስተማሩት። ልብ በሉ! የቲሙ እንደ እንግዳ በዝምታ አልታለፈም፥ እንደ ባዕድም አልተገፋም፤ እንደ ልጅ በፍቅር ታረመ እንጂ። ቤት እንደ ገና የሚታነጸው በዚህ ነው።

ነጋዴዎች ሆይ! የሟች ወንድማችሁ የሱቅ ቁልፍ በእጃችሁ የገባ እንደ ሆነ አላህን ፍሩ። አስቀድሞ የቀብሩ ወጪና ዕዳው ይከፈላል፤ ቀጥሎ ከሲሶ የማይበልጠው ኑዛዜ ይፈጸማል፤ ከዚያም ውርሱ ይከፈላል። ልጅ ካለ ለሚስቲቱ ስምንተኛው እጅ ይደርሳታል፤ ይህም መብቷ እንጂ የዘመድ ችሮታ አይደለም።

የየቲምን ገንዘብ ስለሚበሉ ሰዎች ብርቱ ማስጠንቀቂያ በወረደ ጊዜ ሞግዚቶች ፈርተው የየቲሞቹን ምግብ እንኳ ለይተው ነበር። ኋላም በሱረቱል በቀራ 220ኛ አንቀጽ እንደ ወንድም ተቀላቅሎ መኖር ተፈቀደ፤ አላህም የሚያበላሸውን ከሚያበጀው ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ ገበታው አንድ ይሁን፤ የሒሳቡ መዝገብ ግን ይለይ። ልጁም ለአቅመ አዳም ደርሶ ማስተዋሉ ሲታይ ገንዘቡን በምስክር ፊት አስረክቡት።

አላህ ሙታናችንን ይማር፤ ያዘኑትን ቤቶች በእዝነቱ ያቁም። አሚን።